ክርክር፦ በጦርነቱ ዓመታት ከ6 በመቶ በላይ ካደግን፣ አለመረጋጋት የጎዳን ምናችን ላይ ነው?

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የዚህ ዙር ጥያቄ ርዕሱ ላይ አለ፤ ያቀረቡት መምህር አራት ኪሎ ናቸው። እንደ ልማዳችን ሁሉም በሚውልበት ሰፈር ስም ይጻፍ። ማን ጀመረው፣ ማን አጠፋ የሚለውን እዚህ አንፈታውም። ቁጥር ያላችሁ ቁጥራችሁን፣ አሠራር የምታውቁ አሠራሩን አምጡ። ስሌታችሁ ምሳሌ ከሆነ «ለስሌት ያህል» ብላችሁ ጻፉ።

አራት ኪሎ (የምጣኔ ሀብት መምህር)፦
በይፋ ከተመዘገበው ልነሳ። እድገታችን በ2012 በጀት ዓመት 6.1፣ በ2013 6.3፣ በ2014 6.4፣ በ2015 7.2፣ በ2016 8.1 በመቶ ነው። የሰሜኑ ጦርነት የተጀመረው በጥቅምት 2013 ነው፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በጥቅምት 2015። ኮቪድና የአንበጣ መንጋ ተጨምሮበት እንኳ ከ6 አልወረድንም። ወደ ኋላም እንይ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በዚችው ከተማ ደም ፈሰሰ፣ ለጋሾች ቀጥታ የበጀት ድጋፋቸውን አቋረጡ። የ1998 እድገት ግን 11.5 በመቶ ነበር።

እኔ አለመረጋጋት አይጎዳም አላልኩም። የምለው ሰበብ ሆኗል ነው። ዶላር የጠፋው ከጦርነቱ በፊት ነው። የብር ተመን ለዓመታት ከእውነተኛ ዋጋው በላይ ተይዞ ኖሯል፤ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች የትልቁን ባንክ ብድር ጠቅልለው ወስደዋል። ይህን ሁሉ «ሰላም ስለጠፋ ነው» ብለን ካለፍነው የሚታረም ነገር አይኖርም።

መርካቶ (አስመጪና እህል ነጋዴ)፦
መምህር እውነት ብለዋል። በጥቅምት 2015 የ38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የተከለከለው በመመሪያ ነው፣ በጥይት አይደለም። እገዳው እስከ 2016 መጨረሻ ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሱቁ የተዘጋበት ሰው ሰፈሩ ፍጹም ሰላም ነበር።

ሰንጋ ተራ (የባንክ ብድር ትንተና)፦
ቁጥሩን አልክድም፤ ቁጥሩ ምን እንደሚያሳይ ነው የምከራከረው። አንድ አስመጪ የሚያልፍበትን ልዘርዝር። ፕሮፎርማ ያቀርባል፣ ምንዛሪ ይጠይቃል፣ ሲፈቀድለት መያዣውን ከፍሎ ኤልሲ ይከፍታል፣ ኤልሲውን የውጭ ባንክ ያረጋግጥለታል፣ ዕቃው ይጫናል፣ ሰነዱ ይመጣል፣ ጅቡቲ ይራገፋል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ተሞልቶ ቀረጡ ይከፈላል፣ ወጥቶ ይሸጣል። አለመረጋጋት ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ይነክሳል።

አንደኛው ማረጋገጫው ላይ ነው። በጥር 2013 አገሪቱ በቡድን 20 ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ ጠየቀች፤ ጦርነቱ እየተካሄደ ስለነበር የዓለም የብድር ደረጃ መዳቢዎች ደረጃዋን ተራ በተራ ዝቅ አደረጉ። በዚህ ጊዜ የውጭ ባንክ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ቀድሞ በራሱ የብድር መስመር ያረጋግጥ የነበረውን ኤልሲ «ሙሉውን ዶላር አስቀድማችሁ አስቀምጡ» ይላል። የ1 ሚሊዮን ዶላር ኤልሲ ማለት ዕቃው መርከብ ላይ ሳይወጣ 1 ሚሊዮን ዶላር ታስሮ ተቀመጠ ማለት ነው። ስለዚህ ያለችን ዶላር ራሷ በዓመት የምትዞርበት ቁጥር ያንሳል። ጋሽ መርካቶ፣ ያ የ38 ዕቃዎች መመሪያ ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም ማለት ይከብዳል።

ሁለተኛው ጊዜው ላይ ነው። ለስሌት ያህል፣ 20 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ የተበደረ አስመጪ እንውሰድ። ከኤልሲ እስከ ሽያጭ 60 ቀን ከፈጀበት የአንድ ዙር ወለዱ 592 ሺህ ብር ገደማ ነው። 150 ቀን ከፈጀበት 1 ሚሊዮን 480 ሺህ ይሆናል። ይህ ዕቃው ዋጋ ላይ 4.4 በመቶ ይጨምራል፤ ደንበኛ ይከፍለዋል እንበል። ትልቁ ጉዳት ግን ወለዱ አይደለም። በ60 ቀን ዙር ያ ብር በዓመት 6 ጊዜ ይዞራል፣ የ120 ሚሊዮን ብር ዕቃ ያመጣል። በ150 ቀን ግን 2.4 ጊዜ ብቻ ነው፣ 48 ሚሊዮን። ገንዘቡ ያው፣ ሰውየው ያው፣ መጋዘኑም ያው፤ ሥራው ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ለዚህ ኪሳራ የሚቆረጥ ደረሰኝ የለም፤ ያልመጣ ዕቃ ማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ለገሃር (ትራንዚትና ጭነት)፦
ሰንጋ ተራ ያለው 150 ቀን ውስጥ መንገዱ ስንቱን እንደሚወስድ ልጨምር። ከአገሪቱ ወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሄደው በጅቡቲ ነው። በ1990 ጦርነቱ አሰብን ሲዘጋው ሁሉም ወደ አንድ በር ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ ያ በር ሲጠብ አማራጭ የለም። በሐምሌ 2013 በአፋርና በሶማሌ አዋሳኝ በተፈጠረው ግጭት መኪና መንገዱም ባቡሩም አንድ ላይ ተዘጋ። 750 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ ለማቆም ሐዲዱን መንቀል አያስፈልግም፤ አንድ ቦታ ላይ ሰው ከተቀመጠበት በቂ ነው።

መዘጋት ግን ትንሹ ጉዳት ነው፤ ይከፈታልና። ትልቁ ጉዳት ምልልሱ ላይ ነው። ለስሌት ያህል፣ 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ ያለው መኪና እንውሰድ። የባንክ ክፍያው፣ የሹፌርና የረዳት ደመወዙ፣ ኢንሹራንሱና ጥበቃው ቢሠራም ባይሠራም በወር 240 ሺህ ብር ይበላል እንበል። በወር ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ለአንድ ጉዞ የሚደርሰው 80 ሺህ ነው፤ ለኩንታል 200 ብር። ሌሊት መንዳት ቀርቶ፣ በእጀባ መጠበቅ መጥቶ፣ ኬላ በዝቶ ሁለት ጊዜ ብቻ ከተመላለሰ ግን 120 ሺህ ይደርሰዋል፤ ለኩንታል 300 ብር። ናፍጣ ሳይነካ፣ ጎማ ሳይቆጠር በኩንታል 100 ብር ተጨመረ። ኬላ ላይ የሚከፈለው ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው፤ ደረሰኝም የለውም። ኮንቴነሩ በጊዜ ካልተመለሰ የመርከብ ድርጅቱ በቀን የሚቆጥረው ዲሜሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) በዶላር ነው። መንገድ ተዘግቶ ነበር ብትለው አይሰማህም፤ ውሉ ላይ የተጻፈው ቀን ብቻ ነው።

መርካቶ፦
እውነት ነው። ሹፌር «ያ መንገድ አይሆነኝም» ሲል ኪራይ አይጨምርም፣ ጭራሽ መኪና ይጠፋል።

አራት ኪሎ፦
ሁለታችሁም ያላችሁት ትክክል ነው፤ ግን የጠየቅኩትን አልመለሳችሁም። ወጪ ጨመረ ማለት እድገት ቀነሰ ማለት ብቻውን አይደለም። ሁለት ነገር ልጥቀስ።

የመጀመሪያው ባንግላዴሽ ናት። እዚያ ፓርቲዎች ሃርታል የሚሉትን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ለአሥርተ ዓመታት ሲጠሩ ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እንኳ በአድማና በግጭት ተወጥራ 6 በመቶ ገደማ አድጋለች። ሁለተኛው የእኛው የውጭ ኢንቨስትመንት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ድርጅት (አንክታድ) እንደመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2020 2.4 ቢሊዮን ዶላር የነበረው በ2021 ወደ 4.3 ቢሊዮን ከፍ ብሏል። ጦርነቱ በተፋፋመበት ዓመት ማለት ነው። ቡናችንም በ2014 በጀት ዓመት ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ እስከዚያ ድረስ ያልታየ ነበር።

ደግሞም ምክንያቱና ውጤቱ ይገላበጣል። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ዶላሯ አለቀ፣ ነዳጅ ጠፋ፤ ሕዝቡ አደባባይ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢኮኖሚው ፖለቲካውን ጣለው እንጂ ፖለቲካው ኢኮኖሚውን አልጣለም።

ሰንጋ ተራ፦
የኢንቨስትመንቱን ቁጥር ፈታ እናድርገው። በዚያ ዓመት ውስጥ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በግንቦት 2013 ለቴሌኮም ፈቃድ የከፈለው 850 ሚሊዮን ዶላር አለ። አንድ ፈቃድ ነው፤ ፋብሪካ አይደለም። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት የሚገባ ኩባንያ አደጋውን አስልቶ ይገባል፤ ዕድሉ አይደገምምና። ሳሙና ወይም ካርቶን ሊያመርት የሚመጣ ባለሀብት ግን ናይሮቢም ኪጋሊም መሄድ ይችላል።

ቡናውም ቢሆን የመጣው ከጅማ፣ ከጉጂ፣ ከሲዳማና ከይርጋጨፌ ነው፤ ጦርነቱ እዚያ አልነበረም። የብራዚል ውርጭም በዚያው ወቅት የዓለምን ዋጋ ሰቅሎት ነበር። ጦርነቱ የደረሰበትን የሁመራን ሰሊጥ አብረን እንጠይቅ።

አሁን ባለሀብቱ የሚሠራውን ስሌት ላሳይ፤ ቢሮ ውስጥ የሚወሰነው በዚህ ነው። ለስሌት ያህል፣ ፋብሪካው 100 ሚሊዮን ብር ይፈጃል፣ ለ8 ዓመት በየዓመቱ 25 ሚሊዮን የተጣራ ያስገባል። በ14 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ ስንመልሰው 116 ሚሊዮን ይሆናል፤ 16 ሚሊዮን ትርፍ አለው፣ ይሠራ ይባላል። «አካባቢው አያስተማምንም» ብሎ 6 ነጥብ ጨምሮ በ20 በመቶ ሲያሰላው 95.9 ሚሊዮን ይሆናል፤ ይቅር ይባላል። ወይም መቶኛውን ሳይነካ ማምረት የሚጀምርበትን ቀን ብቻ በአንድ ዓመት ይግፋው፤ በ14 በመቶም ቢሆን ትርፉ ከ16 ሚሊዮን ወደ 1.7 ሚሊዮን ይወርዳል። ሁለት ዓመት ከገፋው ኪሳራ ነው። ጥይት አልተተኮሰም፣ የተቃጠለ ነገር የለም። ፋብሪካው ብቻ የለም። መምህር፣ የእርስዎ 6.4 በመቶ ይህን ፋብሪካ የሚያየው የት ላይ ነው?

ካዛንቺስ (ኢንሹራንስ)፦
«ኢንሹራንስ አለው አይደል?» የምትሉ ካላችሁ አጭር ማብራሪያ ልስጥ። መደበኛው የእሳት አደጋ ውል ጦርነትንና ሕዝባዊ አመፅን አይሸፍንም። ለሁከት፣ ለፖለቲካ ዓመፅና ለሽብር ጥቃት ተጨማሪ ሽፋን ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል። የራሱ ጣሪያ አለው፣ አደጋው ሲጨምር በእድሳት ጊዜ ዋጋው ይወጣል፣ ለአንዳንድ አካባቢ ደግሞ የመልሶ ዋስትና ሰጪው (ኢንሹራንስ ድርጅቱን ራሱን የሚዋሰው) ከውጭ «አንቀበልም» ይላል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ንብረቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው። ካሳ ሲጠየቅም ክርክሩ እሳቱ በምን ተነሣ የሚለው ላይ ነው፤ ከሁከቱ ከሆነ አንዱ ውል ነው፣ ከኤሌክትሪክ ከሆነ ሌላው። የፖሊስ ማስረጃ በወቅቱ ካልተያዘ ሁለቱም ይንጠለጠላሉ።

ሌላው ብዙ ሰው የዘነጋው፦ ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ሲወሰን አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ማሽኑን ቀድሞ በ57 ሚሊዮን ብር ያስዋሰነ፣ ዛሬ ያንኑ ማሽን ለመተካት 120 ሚሊዮን የሚያስፈልገው ሰው የዋስትናው መጠን ከእውነተኛው ዋጋ ከግማሽ በታች ነው። የ40 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስበት የሚከፈለው በዚያው መጠን ተቀንሶ 19 ሚሊዮን ነው። ውላችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ የዋስትናውን መጠን እዩት።

ፒያሳ (የልብስ ስፌት ኤክስፖርት)፦
ጋሽ መርካቶ «በመመሪያ ነው እንጂ በጥይት አይደለም» ላሉት፣ የኛ ዘርፍ ሁለቱ እንዴት እንደሚያያዙ ያሳያል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 መጨረሻ ሲመረቅ ዋናው መስህቡ ከቀረጥ ነፃ የሆነው የአሜሪካ የአጎዋ ገበያ ነበር። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች። ፒቪኤች የተባለው ትልቁ ገዢ ከመሰረዙ በፊት በኅዳር ለቅቆ ሄደ። አንድ የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ መደበኛ ቀረጡ 16.5 በመቶ ነው፤ ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ 32 በመቶ። በዚህ ሥራ የፋብሪካው ትርፍ ከመቶ ጥቂት ነው፤ 16.5 በመቶን የሚሸከም የስፌት መስመር የለም። ዋጋ ቀንሱ ይባላል፣ አይቻልም፤ ትዕዛዙ ወደ ኬንያና ወደ እስያ ይሄዳል።

ከዚያ በፊትም የነበረው አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ገዢ ናሙና የሚያጸድቀው፣ የቀለም ማስተካከያ የሚልከው፣ የጭነት ቀን የሚያረጋግጠው በኢሜይል ነው። ናሙናው ካልጸደቀ ጨርቅ አይቆረጥም። ሦስት ሳምንት የዘገየ ትዕዛዝ በመርከብ ሄዶ ለወቅቱ አይደርስም፤ በአውሮፕላን ይላክ ይባላል፣ ወጪውም በፋብሪካው ነው። ያ አንድ ጭነት የዓመቱን ትርፍ ይዞ ይሄዳል። የከፋው ግን ገዢው በሚቀጥለው ወቅት ከትዕዛዙ ግማሹን ለሌላ አገር ማከፋፈሉ ነው። ከገዢ ወገን ብንሆን እኛም ያንኑ እናደርጋለን።

መምህር ስለ ባንግላዴሽ ያነሱትን ግን ልመልስ። ሃርታል ቀኑ አስቀድሞ ይታወጃል። እሑድ አድማ ከሆነ ቅዳሜ ሌሊት ይጫናል፣ ፈረቃ ይቀየራል፣ መኪና በሌሊት ወደ ቺታጎንግ ወደብ ይወርዳል። የሚታወቅ ቀን ነው። እኛ ጋ የሚጎዳው አለማወቁ ነው፦ መንገዱ ነገ ይከፈታል ወይስ በወሩ? ኔትወርኩ ዓርብ ይመለሳል ወይስ በሦስት ሳምንት? የማይታወቅ ነገር ላይ ፕሮግራም አይሠራም።

አራት ኪሎ፦
እህቴ ፒያሳ፣ ይህ ነጥብ ክርክሩን ወደፊት ይወስደዋል፤ አመሰግናለሁ። የአለመረጋጋቱ መጠን ሳይሆን ተገማችነቱ ነው እያልሽ ነው። ይህን እቀበላለሁ። እንደውም የ1998 እድገት በዚህ ይብራራል፦ ግጭቱ ከባድ ቢሆንም ጊዜው አጭር ነበር፤ መንገድ አልተቆረጠም፣ የመንግሥት ኢንቨስትመንትም አልቆመም። ኬንያም እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ ከ7 በመቶ ገደማ ወደ 2 በመቶ ያልሞላ እድገት ወረደች፤ ፖለቲከኞቿ በሁለት ወር ውስጥ ስለተስማሙ ግን በ2010 ከ8 በመቶ በላይ ተመለሰች። አጭርና ከባድ ድንጋጤ ይታከማል። የማይታከመው እያሳሳቀ የሚወስደው ነው።

ግን እንግዲያው መመሪያውም በዚሁ ሚዛን ይመዘን። በአንድ ሌሊት የሚወጣ፣ በአንድ ሌሊት የሚሻር መመሪያ ከተዘጋ መንገድ በምን ይለያል? ፍራንኮ ቫሉታ (ያለ ባንክ ምንዛሪ ዕቃ ማስገባት) ስንት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ? በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር እድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወሰን፣ የጸደቀ ብድሩን ሊወስድ የተዘጋጀ ስንት ፕሮጀክት መሐል መንገድ ላይ ቀረ?

ሰንጋ ተራ፦
ስለ ብድር ጣሪያው እስማማለሁ፤ ጎድቷል። ግን ለምን እንደመጣ አብረን እንይ። በጥር 2014 ምክር ቤቱ 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት አጸደቀ፤ ለመከላከያ፣ ለዕለት እርዳታና ለመልሶ ግንባታ። የዓመቱ መነሻ በጀት 561.7 ቢሊዮን ነበር፤ ከአምስት እጅ አንዱ በላይ ተጨመረበት ማለት ነው። የውጭ እርዳታና ብድር በቀነሰበት ዓመት ያ ብር ከየት መጣ? ከብሔራዊ ባንክ ቀጥታ ብድርና ከግምጃ ቤት ሰነድ። የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሆነ። የ14 በመቶው ጣሪያ ያንን ለማብረድ የተወሰደ ነው። ሰንሰለቱ ከግንባር ተነሥቶ ብድር ጠያቂው ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ አንድ ዓመት ተኩል ፈጀ። ጊዜው ስለራቀ ነው ሰው «ይሄ የፖሊሲ ነው፣ ያ የጦርነት ነው» ብሎ የሚለየው።

ሜክሲኮ (ሲቪል መሐንዲስ፣ የመንገድ ሥራ)፦
እድገቱ ለምን እንዳልወረደ አንድ ነገር ከእኛ ሙያ ልጨምር። የመንገድ መሠረት ተደርድሮ ውኃ ጠጥቶ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ወዲያው በፕራይም (ቀጭን የሬንጅ ልባስ) ተሸፍኖ አስፋልት ይለብሳል። የተጠቀጠቀው ሰብቤዝ (የመሠረቱ የታችኛው ንጣፍ) ሳይሸፈን ሥራ ከቆመና ክረምት ካለፈበት ውኃ ይሰርጎበታል፣ ደቃቁ አፈር ይታጠባል፣ የመጠቅጠቅ መጠኑ ይወርዳል። ሥራው ሲቀጥል በግሬደር መቧጠጥ፣ ማድረቅ፣ አዲስ ማቴሪያል መቀላቀል፣ እንደገና መጠቅጠቅ፣ እንደገና መፈተሽ ነው። ያው 10 ኪሎ ሜትር ሁለት ጊዜ ተሠራ። በአገራዊ ምርት ስሌት ግን ሁለቱም ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም ይደመራሉ። የፈረሰ ድልድይ ሲፈርስ አይቀነስም፣ ሲሠራ ግን ይደመራል። መምህር፣ በእርስዎ 7.2 በመቶ ውስጥ ይህ አለ።

ውሉ ላይም ችግር አለ። ብዙ ትልልቅ ሥራዎች በሚፈረሙበት በፊዲክ (የዓለም አቀፍ አማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን የውል ቅጽ) እ.ኤ.አ. የ1999 እትም፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ሲያጋጥም ተቋራጩ ባወቀ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሥራው በተከታታይ 84 ቀን፣ ወይም በተቆራረጠ ድምር ከ140 ቀን በላይ ከቆመ የትኛውም ወገን ውሉን ማቋረጥ ይችላል። በተግባር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ግጭቱ አንድ ሳምንት ተነሥቶ ሁለት ሳምንት ይረግባል፤ ሳይት ላይ ያለው ሰው «ይኸው በረደ» እያለ ደብዳቤውን ያዘገያል። በኋላ ጊዜ ይጨመርልኝ፣ ወጪ ይካካስልኝ ሲል የማሳወቂያ ቀኑ አልፏል ይባላል። እስከዚያ ግን ኤክስካቫተሩ ቆሞም ኪራዩን ይቆጥራል። ሥራ ተቆራረጠ ማለት ሙሉ በሙሉ ከቆመው የበለጠ የሚያከስርበት ጊዜ አለ።

ለገሃር፦
ማዳበሪያም እንደዚያው ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ ገበሬው እጅ የሚገባበት ቀን አለው፤ ለመኸር ዘር ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። ዩሪያ ደግሞ ሰብሉ ከበቀለ በኋላ የሚጨመር ነው፣ የሚጨመርበት ሳምንት የተወሰነ ነው። ለሁለት ሳምንት መንገድ ቢዘጋ ዩሪያው አይጠፋም፤ መጋዘን ደርሶ ይቀመጣል። ሪፖርት ላይ «ተጓጓዘ» ተብሎ ይቆጠራል። ጤፉ ግን ያለ ማዳበሪያ አድጎ ታጭዷል። ያንን ጉዳት የምናየው በሚቀጥለው ዓመት አዲስ አበባ የእህል ገበያው፣ እህል በረንዳ ላይ ነው።

መርካቶ፦
እህል በረንዳን ካነሳህልኝ ልናገር። መምህር፣ መለኪያ ከፈለጉ ከእድገት መቶኛው ይልቅ አንድ ነገር ይከታተሉ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ነጭ ጤፍ በኩንታል ስንት ነው፣ እህል በረንዳስ ስንት ነው? ርቀቱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም ሲሆን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመኪና ኪራይ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የነጋዴ ትርፍ ነው፤ በሁለት ሦስት ነገር ተቆጥሮ ያልቃል። ጎሃ ጽዮንና ገርበ ጉራቻ ላይ ሰው መታገት ሲጀምር ልዩነቱ ይሰፋል። ልብ ይበሉ፣ የሚሰፋው በሁለቱም በኩል ነው። እዚህ ሲወደድ እዚያ ይረክሳል፤ የሚገዛው መኪና አልመጣማ። ገበሬው በርካሽ ሸጦ ማዳበሪያ በውድ ይገዛል፣ የከተማው ሰው በውድ ይበላል። በመሀል የተረፈው ገንዘብ ወደ ማንም ምርት አልሄደም፤ በኬላ፣ በቤዛና በሥጋት አለቀ።

መንገድ ሲከፈት ደግሞ ዋጋው በማግስቱ አይወርድም። ነጋዴው «እንደገና ይዘጋል» ብሎ ክምችት ይይዛል። ይህን ስግብግብነት የሚሉ አሉ፤ ለሦስት ሳምንት ባዶ መጋዘን ይዞ የከረመ ሰው ግን ሌላ ምን ያድርግ? ክምችት የሚይዘው መንገዱን ስላላመነ ነው። በ2016 ሰኔ መጨረሻ የአውቶቡስ መንገደኞች፣ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እዚያው መንገድ ላይ ከታገቱ በኋላ መኪና ለማግኘት የነበረውን ችግር የእህል ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

በመጀመሪያ የጻፍኩትን አልሽርም፤ መመሪያውም ጎድቷል። ግን መመሪያ አቤት ይባልበታል፤ በኋላም ተነሥቷል። ለታጋች አቤት የሚባልበት የለም።

አራት ኪሎ፦
ጋሽ መርካቶ፣ የዋጋ ልዩነቱ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ከጥቅል ምርት ቁጥር ቶሎ ይናገራል፣ ማንም ሊያለዝበው አይችልም። ሰንጋ ተራ የኤልሲውን ቀን፣ ለገሃር የመኪናውን ወርኃዊ ምልልስ ቢጨምሩበት ሦስቱን በወር በወር መከታተል ይቻላል። የመጀመሪያ አቋሜን በዚህ ልክ አሻሽላለሁ፦ ከ6 በመቶ በላይ ማደጋችን አለመረጋጋት ቀላል ነው ለማለት ማስረጃ አይሆንም። የሕዝቡ ቁጥር በዓመት ከ2.5 በመቶ በላይ ስለሚጨምር በ2013ና በ2014 በነፍስ ወከፍ የሚተርፈው ከ4 በታች ነው፤ ሜክሲኮ ያለው ዳግም ሥራ ሲቀነስለት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ባንክና ስልክ ከተቋረጠበት አካባቢ የተሰበሰበ መረጃም ሙሉ ሊሆን አይችልም።

በአንድ ነገር ግን አልተስማማሁም። ስትጽፉ ከ2008 በፊት የነበረውን ጸጥታ መረጋጋት አድርጋችሁ ነው የምትወስዱት። ያን ጊዜ መንገዱ ክፍት ነበር፣ ባቡሩ ተሠራ፣ ፓርኮቹ ተገነቡ። ቅሬታውም አብሮ ይጠራቀም ነበር። በመስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ከሰማይ በወረደ ነገር አይደለም። የአበባ እርሻና ፋብሪካ የተቃጠለው ገበሬው ከመሬቱ የተነሳበት ካሳ ያነሰበት አካባቢም ጭምር ነው። የመሬት ካሳን በርካሽ የጨረሰ ፕሮጀክት ወጪውን አልቀነሰም፤ አዘገየው እንጂ።

ሰንጋ ተራ፦
ይህን አልቃወምም። ስለ ጊዜ ግን አንድ የመጨረሻ ቁጥር ልተው። በ2007 አገሪቱ 1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ለ10 ዓመት ሸጠች፤ ወለዱ 6.625 በመቶ ነበር። ያኔ የቅሬታውን መጠራቀም አበዳሪው አላየውም፤ ያየው ጸጥታውን ነው። በታኅሣሥ 2016 ያልተከፈለው ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለአገር ትንሽ ገንዘብ ናት፤ በእርሷ ምክንያት ግን በእዳ መክፈል ካቃታቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገባን። ዛሬ አንድ ወጣት የዳቦ መጋገሪያ ከፍቶ ለ10 ዓመት ብድር ቢጠይቅ፣ የውጭ ምንዛሪ ለሚፈልግ ማሽን፣ ሰነዱን የሚመረምር ባለሙያ ከአምስት ዓመት በላይ ለመስጠት እጁ አይፈታም። እኔ ጋ የሚመጡት ማመልከቻዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ለንግድ ነው፤ ገዝቶ ለመሸጥ፣ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት።

ሜክሲኮ፦
እኛም ጋ ያው ነው። ክሬሸር (የድንጋይ መፍጫ) ከመግዛት መከራየት ይሻላል የሚል በዝቷል።

ፒያሳ፦
የስፌት መኪናም እንደዚያው ሆኗል፤ አዲስ መስመር ከመጨመር ያለውን በሁለት ፈረቃ ማሠራት ይመረጣል። ለሁለተኛው ፈረቃ ግን ሠራተኛ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ የምትሄድበት ትራንስፖርት ያስፈልጋል፤ ሰርቪስ ካልተያዘላት አትመጣም።